ሁለተኛው ቫዮሊን እኔ ዘንድ ነው

ታፍዬ፣ የቤቴ ጌታ፤

ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናህ እንደምን አለህ» ይባላል። አንተን ምን ብዬ ልጠይቅህ? ከተለየኸን ሙት ዓመትህ አልፎ ሁለተኛው ክረምት እየገባ ነው፤ የደቻቱ ወንዝም ሰሞኑን ሞልቶ ወርዷል። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴን ያመኛል፤ ምላሴ ግን እንደምታውቀው አንድም ቀን ታሞ አያውቅም።

ልጃችን ሰብለ ወለደች። ሴት ናት፤ ሰፊውን ግንባርህን ይዛ መጥታለች። ስሟን ትዕግሥት አለቻት፤ በዚህ ቤት ጠፍቶ የኖረውን ነገር ነው ያወጣሽላት አልኳት። የተከልከው የኒም ዛፍ ጣሪያውን አልፎ ሄዷል፤ ከሰዓት በኋላ በረንዳውን በሙሉ ያጠላልናል። ስኳር አሁንም ቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን ነው። የባቡር ጥገና ጓደኞችህ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ሰላም ይሉኛል፤ ባቡሩ ሲያፏጭ አሁንም ሳላስበው ወደ በሩ አያለሁ። ወንበርህ ላይ ማንም አይቀመጥም። ድመቷ ሞክራ ነበር፤ አባረርኳት።

ቫዮሊንህ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። እንዳሳየኸኝ እንጨቱ በሙቀቱ እንዳይሰነጠቅ ጨርቅ እያረጠብኩ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጥለታለሁ። ላንተ ስል ነው እንጂ ለሱ ስል አይደለም። እኔና እሱ ተዋደን አናውቅም።

ይህን የምጽፍልህ ግን ስለ ኒሙና ስለ ስኳሩ ልነግርህ አይደለም። ማዳም አኑሽ መጥታ ነበር። ያን የሚያነክስ እግሯን እየጎተተች፣ ደቻቱን ተሻግራ እኔ ቤት መጣች። ምን ፈልጋ እንደመጣች ከመንገሬ በፊት ሆዴ ውስጥ የኖረውን ሁሉ ልተንፍስ። በሕይወት ሳለህ ግማሹን ብቻ ነው የነገርኩህ። ግማሽ ነገር መስጠትን ደግሞ የተማርኩት ካንተው ነው።

ልታገባኝ ሽማግሌ ስትልክ ቫዮሊን እንደምትጫወት ተነግሮን ነበር። እናቴ «አዝማሪ ነው እንዴ?» ብላ ደነገጠች፤ ምድር ባቡር መሥራትህን ስትሰማ ነው ልቧ የተመለሰው። ታሪኩን በኋላ አንተው ነገርከኝ። አባትህ ከዚራ ሰፈር ውስጥ የአንድ አርመን ሰዓት ሠሪ ግቢ ዘበኛ ነበሩ። ሰዓት ሠሪው፣ ሙሴ ሃጎፕ፣ ልጁን አኑሽን ቫዮሊን ሲያስተምር አንተ በሩ ላይ ቆመህ ስትሰማ አየህና አስገባህ። ለሷ አንደኛውን፣ ላንተ ሁለተኛውን እየሰጠ ለሁለት ቫዮሊን የተጻፈ ሙዚቃ አስተማራችሁ። ሲሞት የራሱን ቫዮሊን ላንተ ተወልህ፤ ልጁ የራሷ ነበራትና።

ሁሉም ደህና። አባት የሆነ ሰው ለድሃ ልጅ ደግ ሲሆን ማን ይጠላል? እኔ የማላውቀው ነገር ለሁለት ቫዮሊን የተጻፈ ሙዚቃ ሁለት ሰው እንደሚፈልግ ነበር። አንተ ታውቀው ነበር፣ አልነገርከኝም።

ከሥራ ስትመጣ ቅባቱን ከእጅህ ታጥበህ፣ ሽርጥህን አገልድመህ በረንዳው ላይ ትለማመዳለህ። እኔ አጠገብህ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። ዜማው ለጆሮዬ እንግዳ ነበር። ይጀምርና ወደ ታች ይወርዳል፣ እዚያው ቦታ ይመላለሳል፣ አንድ ነገር ሊናገር ያለ ይመስልና ድንገት ይቆማል። ሲቆም የቫዮሊኑን ደጋን ከክሩ ታነሳለህ፤ በነጠላ ጫማህ ሲሚንቶውን ቀስ እያልክ እየመታህ ትጠብቃለህ። ስትጠብቅ ደግሞ ፈገግ ትላለህ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ትቀጥላለህ።

እኔ የምታርፍ መስሎኝ ነበር። አንዳንድ ቀን «አሁን ደከመው» ብዬ ውሃ ይዤልህ እነሳለሁ፤ በዓይንህ «ቆይ» ትለኛለህ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዘፈኑን ለመድኩት፣ ኋላም ወደድኩት። ልብስ ሳጥብ በአፌ አዜመው ጀመር። አንተ የምታቆምበት ቦታ ላይ እኔም አቆማለሁ፤ ዘፈኑ እንደዚያ ነዋ። የባሌ ዘፈን ነው፣ የቤቴ ዘፈን ነው ብዬ ለጎረቤት ሁሉ ኮርቼበታለሁ።

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ምሳህን በልተህ፣ ትንሽ ጋደም ብለህ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል ሳጥንህን ይዘህ ትወጣለህ። «አኑሽ ጋ ነኝ» ትለኛለህ። አትደብቅም። ብትደብቅ ይሻለኝ ነበር፤ የተደበቀ ነገር ሲገኝ ሰው ይጣላል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ይታረቃል። በግልጽ ተናግሮ የሚሄድን ባል ግን በምን ይይዙታል?

ቆንጆ ብትሆን እንኳ ነገሩ ይገባኝ ነበር። ካንተ በዕድሜ ትበልጣለች፣ እግሯ ያነክሳል፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ ትቆረጣለች። ከአባቷ የወረሰቻቸውን ቤቶች መንግሥት ትርፍ ናቸው ብሎ ከወሰዳቸው ወዲህ በቀረላት አንድ ቤት ልብስ እየሰፋች ነው የምትኖረው። አማርኛዋ ከኔ አማርኛ አያንስም፤ ኦሮምኛውንም ሶማሊኛውንም ትቆላዋለች። አንድ ጊዜ ቀፊራ ገበያ ከነጋዴ ጋር በሦስት ቋንቋ ስትከራከር አይቻት ሳላስበው ሳቅኩ፤ ሳቄ ካለቀ በኋላ በራሴ ተናደድኩ። ልትጠላ የማትመች ሴት ማለት እሷ ናት፤ እኔ ግን ቻልኩበት።

ከውጭ የሚመጣው የደጋን ሙጫ ከሱቅ ሲጠፋ ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ይህንንም እንዳትክድ። ያለ ሙጫ ደጋኑ ክሩ ላይ ይንሸራተታል፣ ድምፅ አይወጣም ብለህ ስትተክዝ፣ ማሲንቆ መቺዎች በዕጣን እንደሚያሹ ነገርኩህ። ቀፊራ ዕጣን የምትሸጠው ጎረቤታችን ፋጡማ ንጹሑን ድቡልቡል መርጣ አመጣችልን። አሸኸው፣ ሞከርከው፣ ቫዮሊኑ ጮኸ። ያን ቀን ፋጡማ ፊት አቅፈህ ሳምከኝ።

እሁድ ሲደርስ ዕጣኑን በቢላ ለሁለት ስትከፍለው አየሁህ። ትልቁን ክፋይ በወረቀት ጠቅልለህ ለሷ ያዝክ፤ ትንሹን ለራስህ አስቀረህ። ምነው ስልህ፣ አንደኛው ቫዮሊን እሷ ስለሆነች ብዙ ትጫወታለች አልከኝ። እኔስ በዚህ ቤት ስንተኛ ነኝ ልልህ ብዬ ዋጥኩት። ለፋጡማ ሳወራላት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አቦ አስካለ፣ ወላሂ ሰው በእንጨት ይቀናል እንዴ?» አለችኝ። በእንጨት ብቀና ኖሮማ ማገዶ አደርገው ነበር።

አሁን ነግሬህ ወደማላውቀው ነገር ልምጣ። አንድ እሁድ መነጽርህን ረስተህ ሄድክ። ያለ መነጽር ኖታው አይታየውም ብዬ ነጠላዬን ደርቤ ተከተልኩህ። መነጽሩ ሰበብ እንደነበረ ለመገመት ብልህ መሆን አያስፈልግም። ከዚራ ስደርስ መንገዱ ጭር ብሏል፤ ሰው ሙቀቱን ሸሽቶ ገና ከየቤቱ አልወጣም። የማዳም አኑሽ ቤት የእንጨት መስኮት ገርበብ ብሎ ነበር። ከሥሩ ያለው ዛፍ ጥላ ውስጥ ቆምኩ።

ያንን ዘፈን ጀመራችሁ። የኔን ዘፈን። ምስር ስለቅም የምሰማውን፣ ልብስ ሳጥብ የማዜመውን። ግን ከላዩ ሌላ ድምፅ ነበረ። ያንተ ሲወርድ ያ ይወጣል፤ ያንተ እዚያው ሲመላለስ ያ ጥሎህ ይሄዳል፣ ሄዶም ይጠብቅሃል፤ ስትደርስበት ደግሞ አብራችሁ ትሮጣላችሁ። እንደዚያ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ አንተ የምታቆምበት ቦታ ደረሰ። እኔ ዝምታ ነው ብዬ በማውቀው ቦታ ላይ የሷ ቫዮሊን ብቻውን ገባ።

አቤት ታፈሰ፣ እንዴት አድርጋ ነው የተጫወተችው። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ገባኝ። ፈገግ ትል የነበረው ለዚህ ነው። በረንዳዬ ላይ፣ ምስሬን ይዤ ጉልበትህ ሥር ተቀምጬ፣ አንተ ትሰማ የነበረው እሷን ነው። ባዶ መስሎኝ ውሃ ይዤ የምነሳበት ቦታ ባዶ አልነበረም፤ እሷ ተቀምጣበት ነበር። የቤቴ ዘፈን ብዬ የኮራሁበት ነገር ግማሽ ነበር፤ ሌላው ግማሽ ከደቻቱ ማዶ ይኖር ነበር።

በመስኮቱ ክፍተት አየሁ። መጥፎ ነገር ባይ ደስ ባለኝ። ፊት ለፊት ተቀምጣችኋል፤ ኖታው መሀላችሁ ቆሟል፤ ወለሉ ላይ የአባቷ ወፍራም ምንጣፍ አለ፤ አንተ ጫማህን አውልቀህ በካልሲ ነህ። አትተያዩም። እሷ ወረቀቱን ታያለች፤ አንተም ያለ መነጽር ወረቀቱ ላይ አፍጥጠሃል፤ አንዲት ነገር እንደማትታይህ አውቃለሁ፤ በቃልህ ነበር የምትጫወተው። ሌላ ልትጀምሩ ስትሉ ግን ሁለታችሁም እኩል ትንፋሽ ሳባችሁ። እመንገዱ ድረስ ተሰማኝ። እኔ ልጅ የወለድኩልህ፣ በአንድ አልጋ ዕድሜዬን የተኛሁ ሴት፣ ካንተ ጋር አንድም ቀን እኩል ተንፍሼ አላውቅም። አንተ ታንኮራፋለህ፣ እኔ እነቃለሁ።

አላንኳኳሁም። ስትመለስ መነጽርህን ጠረጴዛው ላይ አገኘኸውና «ለካ እዚህ ነው» አልክ። «እዚህ ነው» አልኩህ። ከዚያ በላይ ምን ይባላል?

ከዚያ ወዲህ በረንዳው ላይ ስትለማመድ ሰላም አልሰጠሁህም። ዜማው የሚቆምበት ቦታ ላይ ስትደርስ ድስት እጥላለሁ፣ ዶሮ አባርራለሁ፣ ሰብለን እጣራለሁ። ያንን ዝምታ እኔ ልሙላው፣ እሷ አትግባበት ብዬ ነው። አንድ ቀን «አስኩዬ፣ ምነው ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ላይ ነው ሥራ የሚበዛብሽ?» አልከኝ። ተቆጣሁ። አንተ ግን ድስቱም ቢወድቅ፣ ዶሮውም ቢጮህ፣ ያ እግርህ ሲሚንቶውን መምታቱን አይተውም። አይፈጥንም፣ አይዘገይም። ሰዓቱ ሲደርስ ደጋንህን መልሰህ ታሳርፋለህ። እልኸኛ እግር ነበረህ።

ቀበሌ የጠሩኝን ቀንም አታውቀውም። ባልሽ በየሳምንቱ ከውጭ ዜጋ ጋር ምን ያደርጋል አሉኝ። ዘመኑን ታውቀዋለህ፤ አንድ ቃል ከአፌ ብትወድቅ በቂ ነበረች። በሆዴ ያለውን ቅናት ቢያዩት ደግሞ ከዚያ የተሻለ ምስክር አያገኙም። እኔ ግን ቀና ብዬ፣ ድሮ የሞቱ ፈረንጆች ለሁለት ቫዮሊን የጻፉት ሙዚቃ እንዳለ፣ ለሁለት የተጻፈ ስለሆነም ብቻውን እንደማይሆንለት፣ ሌላ ነገር ቢኖር ከእነሱ በፊት እኔ እንደማስርህ ነገርኳቸው። ሳቁና ለቀቁኝ። እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ። ፈርቼ አይደለም። «ብቻውን አይሆንለትም» ያልኩት በገዛ አፌ ስለሆነ ነው።

ደቻቱ የሞላበትን እሁድ ግን ታስታውሰዋለህ። ሽቅብ ተራራው ላይ የዘነበው ወርዶ፣ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ሆኖ፣ ሰው ከወዲያና ከወዲህ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። እኔ ወዲህ፣ አንተ ወዲያ። አጠገብህ አኑሽ ነበረች፤ ልትሸኝህ መጥታ። ካፊያ ነበረና ጥላ ይዛለች። ጥላውን ለማን እንደያዘችው አተኩሬ አየሁ፤ ላንተም ለራሷም አልነበረም፣ ለቫዮሊኑ ሳጥን ነበር። ሁለታችሁም ራሳችሁ ላይ እየዘነበ ሳጥኑን አድርቃችሁ ቆማችኋል። ውሃው ጎደል ሲል ከሰው ጋር ተያይዘህ ተሻገርክ። ዳር ላይ እጄን ዘረጋሁልህ፤ አንተ መጀመሪያ ያቀበልከኝ ሳጥኑን ነው። እጅህን ኋላ ነው የሰጠኸኝ። ስቀህ «እሱ መዋኘት አይችልም» አልከኝ። እኔም ሳቅኩ። የሳቅኩት ግን ሰው ስላለ ነው።

ከዚያ ያ ትኩሳት መጣ። ሳምንት እንኳ ሳይሞላህ ወሰደህ፤ ለጸብ የሚሆን ጊዜ አልሰጠኸኝም። መጨረሻው ቀን ላይ ሰው አትለይም ነበር፤ የግራ እጅህ ጣቶች ግን ብርድ ልብሱ ላይ ይሄዱ ነበር። ክር የለ፣ ድምፅ የለ፤ እኔ ግን የትኛው እንደሆነ ከጣቶችህ አወቅኩት። እየተከተልኩ በሆዴ አዜምኩት። እዚያች ቦታ ላይ ስትደርስ ጣቶችህ ቆሙና እግርህ ከብርድ ልብሱ ሥር ቀስ እያለ መምታት ጀመረ። እጄን ጫንኩበት። እጄ ሥር መታ፣ መታ፣ ጣቶችህ ግን አልተመለሱም።

ለቅሶህ ላይ ደግሞ ምን ሆነ መሰለህ? አኑሽ ጥቁር ለብሳ መጣች፤ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ድንኳኑ ውስጥ ከኔ ጎን አስቀመጣት። ለቀስተኛው እየመጣ እጄን ይይዝና «እግዜር ያጥናሽ» ይላል፤ ዞር ይልና የሷንም እጅ ይዞ «እግዜር ያጥናሽ» ይላል። የጥገና ጓደኞችህማ እሷን ሲያዩ ባሰባቸው። አልቃሿ ስለ ቫዮሊንህ ስታነሳ ሰው ሁሉ እሷን አየ። አንድ ባል ሞቶ ሁለት ሴት ሲጽናና አይቼ አላውቅም። በገዛ ድንኳኔ፣ በገዛ ባሌ ለቅሶ ሁለተኛ ሆኜ ዋልኩ። ጭንቅላቴን ነጠላዬ ውስጥ ቀብሬ ነበር፤ ሰው ያለቀስኩ መሰለው። አለቀስኩም፤ ግን ከእንባዬ ውስጥ ስንቱ ላንተ፣ ስንቱ ለቅናቴ እንደነበረ አልለየውም።

እንግዲህ ባለፈው ሰሞን የግቢያችንን በር ያንኳኳችው ይህች ሴት ናት። የራሷን ቫዮሊን ይዛ ነበር። ገብታ ሰላም ብላን ዓይኗ በቀጥታ ቁም ሳጥኑ ላይ ሄደ። የአባቷን ቫዮሊን ልትወስድ መጣች አልኩ። አባትሽ ለሱ ሰጥቶታል፣ የሞተ ሰው የሰጠውን የሞተ ሰው ወስዶታል፣ አይነካም ልላት ቃሌን አዘጋጀሁ። ላንተ ስል እንኳ የማልወደውን እንጨት፣ ሬሳህን እንደሚወስዱብኝ ሆኜ በሩ ላይ ቆምኩበት።

በረንዳው ላይ ወጣችና ወንበርህ ላይ ልትቀመጥ ጎንበስ አለች። እዚያ አይሆንም አልኳት። ደነገጠች። ሌላ ወንበር አመጣሁላት። ሰብለ ከጀርባዋ ሆና «እማዬ» ትለኛለች በዓይኗ። ሻይ ቀረበ፣ ቀዘቀዘ። ስለ ልጅቷ ጠየቀች፣ ስለ ጉልበቴ ጠየቀች። ያንተን ቫዮሊን እስክትጠይቅ እጠብቃለሁ፤ አትጠይቅም። በመጨረሻ ሳጥኗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ መዝጊያውን እየነካካች ተናገረች።

«አስካለ፣ እሱን ልሰማው ነው የመጣሁት» አለችኝ። «የኔን ብቻዬን ስጫወተው ባዶ ሆነብኝ። የሱ ወረቀት አለኝ፤ ወረቀቱ ግን እሱ አይደለም። እንዴት እንደሚጫወተው ላስታውስ ስል አይመጣልኝም። አብረን ስንጫወት የምሰማው ራሴን ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ እሱን ብቻውን ሰምቼው አላውቅም። አንቺ ግን በየቀኑ እዚህ ሰምተሽዋል። ስንት ዓመት እንደቀናሁብሽ አታውቂም።»

እኔ ላይ! ማዳም አኑሽ እኔ ላይ ቀናች! ታፍዬ፣ አንተ ፊት አልዋሽም፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። በጣም ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቼ አየኋት። አርጅታለች። አገጯ ሥር አንገቷ ላይ ቫዮሊኑ ያጠቆረው ምልክት አለ፤ አንተም አንገትህ ላይ እዚያው ቦታ ነበረህ። አንድ ሰው የቀበርን ሁለት ሴቶች በረንዳ ላይ ተቀምጠን፣ ግማሽ ግማሹን ይዘን፣ አንዳችን የሌላችንን ስንመኝ ኖረናል።

ዘፋኝ አይደለሁም፤ ታውቃለህ። ግን አፌን ከፈትኩና ልብስ ሳጥብ እንደማዜመው አዜምኩላት። የሚወርደውን፣ እዚያው የሚመላለሰውን፣ ሊናገር ብሎ የሚቆመውን። እንደ ወረቀቱ ሳይሆን አንተ እንደምታደርገው፤ ሦስተኛው ድምፅ ላይ ትንሽ ጎተት እያደረግኩ፣ መውረጃው ላይ እየለዘብኩ። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። ሁለተኛ አድርጊው አለችኝ። ሁለተኛ ስጀምር ቫዮሊኗን አወጣች። ትንፋሽ ሳበች፤ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እኔም አብሬያት ሳብኩ።

ያ ዘፈን በቤታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ሆነ። እኔ ስወርድ እሷ ትወጣለች፤ እኔ ስመላለስ እሷ ትሄዳለች፣ ትጠብቀኛለች። ከአጥሩ ማዶ ፋጡማ የምትወቅጠውን አቆመች። ባዶው ቦታ ደረሰ፤ አፌን ዘጋሁ፣ አኑሽ ገባች። ያኔ ፊቴ ላይ ምን እንዳለ በእጄ ነካሁት። ፈገግ ብዬ ነበር።

ሲያልቅ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ እሷ ፊት አላለቅስም። እንባዋን ጠርጋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። አንተ በምታርፍበት ቦታ ላይ እሷ አንዳንዴ ትፈጥናለች፣ አንዳንዴ ትዘገያለች፤ አንተ ግን አንድም ቀን አምልጦህ አያውቅም፤ «እንዴት ነበር የሚቆጥረው፣ በልቡ ነው ወይ?» አለችኝ። ዓይኖቿን አየሁ። እውነትም አታውቅም።

እንጃ አልኳት።

አሁን እሁድ እሁድ ትመጣለች። ደቻቱን የምትሻገረው እሷ ናት፤ እኔ አልሄድም። ወንዙ ሲሞላ ትቀራለች፤ ደስ ይለኛል፣ ቀኑ ግን ይረዝምብኛል። ከቀፊራ ዕጣን ሳመጣ እሰጣታለሁ፤ አልከፍለውም፣ ሙሉውን ትውሰደው፣ ለኔ አፍ ሙጫ አያስፈልገውም። ያንተ ቫዮሊን ግን ከቁም ሳጥኑ አይወርድም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ስለዚያ ፈገግታህ ደግሞ ገና አልታረቅንም። እኔም ፈገግ ማለቴ ሌላ ነገር ነው። ስመጣ እጠይቅሃለሁ፤ መልስህን አዘጋጅተህ ጠብቀኝ።

በሌላው ቀን፣ ሰብለ ሥራ ስትሄድ፣ ትዕግሥትን ታቅፌ ኒሙ ጥላ ሥር በረንዳው ላይ እቀመጣለሁ። ያንተን ግማሽ አዜምላታለሁ። ባዶው ቦታ ላይ ስደርስ አፌን እዘጋና በነጠላ ጫማዬ ሲሚንቶውን እመታለሁ፤ ሳልፈጥን፣ ሳልዘገይ፣ አንተ እንደምትመታው። ልጅቷ ዓይኗን ትከፍትና ታዳምጣለች። አኑሽ ይህን አታውቀውም። እዚያች ቦታ ላይ እሷ ትጫወት ነበር፤ የቀረውንም ያ ወፍራም ምንጣፏ ይውጠው ነበር። እግርህን ሰምታው አታውቅም። ዜማህን አካፍያታለሁ፤ እግርህን ግን አልሰጣትም። እስክመጣ ድረስ በየቀኑ እመታዋለሁ፤ አንድም አላጎድልብህ።

ያንተው አስካለ